መትረየስ የሌላት ተዋጊ

«ትንሿ ናታ! ከሚጣ ሌላ ማን ሊሆን? ትልቋማ ያው... ፎቶ ኮፒ ታነሳለች።»

እናትየው ይህን ለእህቷ በስልክ ስትናገር በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ችፑድ መሆኑን ረስታለች። ወይም አልረሳችም። ትልቋ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ስታወጣ ስታወርድ ቆየች፤ ተረስቶ መታማት ወይስ እየሰሙ መታማት። ክፋቱ ሥራው ላይ አልነበረም። ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነውር አይደለም፤ እውነትም ታነሳለች። ክፋቱ «ያው» የሚለው ላይ ነው። እናትየው «ያው» ያለችው ትንሽ ቆም ብላ፣ ትንፋሿን አውጥታ፣ ልክ እግሩ የተሰበረ ወንበር ለእንግዳ አቅርቦ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ሳቅ ተከተለ። አክስቲቱ በዚያኛው ጫፍ ምን ብላ እንዳሳቀቻት አይሰማም፤ የማይሰማ ቀልድ ደግሞ ሁልጊዜ በአድማጩ ላይ የተቀለደ ይመስላል።

ነገሩ የአውሮፕላን ነው። የእውነት አውሮፕላን አይደለም፤ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ ሞተሩን አንድ በአንድ እየገጣጠሙ የሚሠሩት፣ ከዚያ አስነስተው የሚያበርሩት ነው። የጌሙ ባለቤቶች ውድድር አወጡ። በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለ አንድ አገር አለ እንበል፤ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ አገሩም እየተሸነፈ ነው። በዚያ መጨረሻ ላይ ምን ዓይነት ተዋጊ አውሮፕላን ይሠራ ነበር? ሠርታችሁ ላኩ። የተመረጡት ጌሙ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ፤ ከግርጌያቸው የሠሪው ስም ይጻፋል፤ ዓለም ላይ ያለ ተጫዋች ሁሉ እያስነሳ ይዋጋባቸዋል። እህትማማቾቹ ሁለቱም ላኩ። ለትልቋ የመጣላት መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «በጣም ቆንጆ ናት፤ ጦርነቱ ግን የት አለ?» ለሚጣ የመጣላት ቀጠሮ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው ትልቁ ጌም ቤት፣ አውሮፕላኗ ዳኞች ፊት ትነሳ፣ የጌሙን ከተማ አንድ ጊዜ ዞራ ትረፍ። ከወደቀች ወደቀች፤ ካረፈች ገባች።

ትልቋ ይህን ጌም የለመደችው ማንም ሳያስተምራት፣ ቋንቋውን እንኳ በግማሽ ጆሮ እየለቀመች ነው። ኮምፒውተሩን ራሱ ሰው ከጣላቸው አሮጌ ማሽኖች ለቃቅማ የገጣጠመችው እሷ ናት። ክንፍ ለምን እንደሚያነሳ፣ ጅራት ለምን እንደሚያረጋጋ፣ ክብደት ወደ ኋላ ከሸሸ አውሮፕላን አፍንጫዋን ሰቅላ እንደ ደነበረ ፈረስ ቆማ በቂጧ እንደምትወድቅ፣ ሚጣን አጠገቧ አስቀምጣ ያስተማረቻት እሷ ናት። እሷ ስንት ሠራች! ክንፋቸው እንደ ቢላ የተሳለ፣ ቀለማቸው የሚያንጸባርቅ፣ ሲያዩዋቸው ምራቅ የሚያስውጡ። ሚጣ አንዲት ሠራች። አንዲት! ያቺንም እህቷ ከጣለቻቸው ቁርጥራጮች፤ ክንፏ ከአንዱ፣ ጅራቷ ከሌላው፣ የግራ ጎማዋ ከቀኟ የማይገጥም፣ ቀለሟ ግማሽ ላይ ያለቀ። ጎርፍ ያመጣት ድመት ትመስላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ ይሁን፤ ግን የትኛው ነጥብ ከየትኛው እንደተቀዳ የሚናገር አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ሊኖር ይገባ ነበር።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። እናትየው ስኳር እንደገና መወደዱን ተናገረች። ወፍራሙን የዳቦ ቁራሽ ወደ ሚጣ ገፋ አደረገችላት፤ ፈተና አለባት። ሚጣ የምታነበውን ወረቀት የሻይ ብርጭቆው ላይ አስደግፋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ዳቦውን ሳታየው ጎረሰች። ትልቋ የእህቷን መንጋጋ እያየች፣ ሰው ሲያኝክ እንዲህ የሚያስጠላው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች።

«እትዬ» አለች ሚጣ። ይህን ጥሪ የምታወጣው የምትለምነው ነገር ሲኖራት ብቻ ነው። «ፈተናዬ ከነሱ ሰዓት ጋር ተጋጨብኝ። ሠሪው ባይመጣ ሌላ ሰው ማብረር ይችላል ብለዋል። አንቺ አብርሪልኝ።»

«ምነው፣ ፈተናውንስ ሌላ ሰው አይቀመጥልሽም?»

«ብሄድም እኮ ያው ነው። ማሳረፍ አልችልም፣ ታውቂ የለ። እኔ ካሳረፍኳት ተለቅማ ነው የምትገባው።»

«አብርሪላት እንጂ!» አለች እናትየው፣ ዓይኗን ከማንቆርቆሪያው ሳታነሳ። «ምን ይጎድልብሻል? እህትሽ አይደለች?»

ምን ይጎድልብሻል። ትልቋ መልሱን ታውቀው ነበር፤ ግን በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ለእናት የሚነገር መልስ አልነበረም። «እሺ» ብላ ፍላሹን ተቀበለች። አውሮፕላኗ እዚያች ጣት የማታህል ፕላስቲክ ውስጥ ናት። በሩ ላይ ስትደርስ እናትየው ከኋላዋ «ደግሞ እንዳትጥይው!» አለቻት፤ በሕይወቷ ቁልፍ እንኳ ጥላ የማታውቀውን ልጅ።

ሱቁ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ በማስታወቂያ የተሸፈነ፣ ማሽኖቹ ከሞቁ በኋላ እንደ ዳቦ ቤት የሚግል ነው። ባለሱቁን ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል፤ በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ሥራቸው ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሷ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር። በዚያ ቀን ደግሞ ያለወትሮው ዲፕሎማ በዛ። ዲፕሎማ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ወረቀቱን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጅ ነው የሚያቀብሉት፤ እሷም ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ስም በማሽኑ መስታወት ላይ፣ መንበር ላይ እንደሚያኖሩት ታቦት፣ በጥንቃቄ ታስተኛለች፣ ብርሃኑ ያልፍበታል፣ ሌላ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ይዘው መጡና ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ ተክለው ጠበቁ። «የልጄ ነው» አሏት፣ ሳትጠይቃቸው። «እንዳይደበዝዝብኝ አደራ።»

«አይዞዎት አባባ፣ ማሽኑ አይቀናም።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ጋሼ ከበሩ ዞር ብለው አዩዋት። «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው? ፊትሽ ቶነር የፈሰሰበት ይመስላል።»

«ፊቴን ይተዉትና ቶነሩን ይግዙ ጋሼ፤ አልቋል።»

በምሳ ሰዓት ጋሼ መዝጊያውን በግማሽ አውርደው ወጡ። ትልቋ የያዘችውን ዳቦ ሳትፈታ ፍላሹን ሰካች። ጌሙን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ካስገባችው ቆይታለች። አውሮፕላኗን ከፈተቻት፤ አማት የምራቷን ድስት እንደምትከፍት። ጉድለት ፍለጋ ነበር፤ ጉድለቱም ሞልቶ ተትረፍርፏል። የመቀመጫው መስታወት ተሰንጥቆ በቆርቆሮ ተለጥፏል። የክንፉ ጫፍ እንጨት ነው። ከመቀመጫው ኋላ አንድ ትልቅ የነዳጅ ታንክ አለ፤ ከምን እንደተነቀለ አይታወቅም። ከዚያ አፍንጫዋን ገለጠች። መትረየሱ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ ማሰሪያው አለ፤ ጥይቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። መትረየሱ የለም። በቦታው፣ በገመድ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ድንጋይ ተቀምጧል። ድንጋይ! ጌሙ ውስጥ ለማኮብኮቢያ ዳር ማስጌጫ የተቀመጠ ተራ ድንጋይ። ትልቋ ብቻዋን በሱቁ ውስጥ ጮክ ብላ ሳቀች። ይሄ ነው እንግዲህ ያስመረጣት። የእሷ መትረየሶች እንኳን ሊጎድሉ፣ በየክንፉ ሁለት ሁለት ናቸው።

ድንጋዩ እንዲሁ የተወረወረ አለመሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። መትረየሱ ከሌለ አፍንጫው ይቀላል፤ አፍንጫው ከቀለለ ጅራት ይከብዳል፤ ድንጋዩ ሚዛን ነው። ታውቃለች፤ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ቢሆንም ድንጋዩን መርጣ አጠፋችው። ማረም ነው አለች ለራሷ፤ ዳኞቹ ሲያዩት ይስቁባታል፣ ከሳቅ ላድናት። ማረም ቢሆን ኖሮ በቦታው መትረየስ ታስገባ ነበር፤ እሱ ቢቀር አንድ ቁራጭ እርሳስ። ምንም አላስገባችም። ባዶውን አፍንጫ ከደነችው፤ በድሮው ፋይል ላይ ደርባ አስቀመጠችው፤ ፍላሹን ነቀለች። ከዚያ ዳቦውን ፈታ ብትጎርስ አልዋጥ አላት፤ ጠቅልላ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ፤ አውሮፕላን የማሳርፈው አለኝ።»

«እንደ ደህና ሰው አሞኛል አትይም?» አሉ ከምሳ የተመለሱት ጋሼ፤ ሆኖም በእጃቸው ሂጂ አሏት።

ጌም ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ የሲጋራ ቁራጭና የተረገጠ ማስቲካ አለ፤ በሩ ሲከፈት ግን የጋለ ፕላስቲክና የብዙ ሰው ላብ ሽታ ፊት ላይ ይመታል። ወንበሮቹን ወደ አንድ ትልቅ ስክሪን አዙረዋቸዋል፤ ጎረምሶች ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተፋፍገው ተቀምጠዋል። ከፊት ሦስት ዳኞች አሉ፤ ከመካከላቸው የምትናገረው ለጌሙ ሥዕል የምትሠራ፣ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ሴት ናት። ትልቋ ፍላሹን ስታስረክብ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ሰካውና «ተቆለፈ፤ ከዚህ በኋላ መነካካት የለም» አላት። ከእሷ በፊት ሁለት አውሮፕላኖች ተነሱ። አንደኛዋ እንደ መስታወት የምታበራ ነበረች፤ ስታርፍ ክንፏን መሬት አስነክታ ተገለበጠች፤ አዳራሹ «ወይኔ!» አለ። ሁለተኛዋ በሰላም አረፈች። ትልቋ ለሁለቱም ስህተት ስታወጣላቸው ቆየች።

«ስለዚህችኛዋ ሳትነሳ ትንሽ ላውራ» አለች ባለመነጽሯ፣ የሚጣ አውሮፕላን ስክሪኑን ስትሞላው። ጎረምሶቹ መልኳን አይተው ሳቁ። «ሳቁ፣ ሳቁ። የላካችሁልን እኮ ሁሉ የምታሸንፉበትን ነው። በመጨረሻው ወር ላይ ሆናችሁ ብረት አልጎደላችሁም፣ ቀለም አላለቀባችሁም። ይቺን የሠራችው ልጅ ግን ፋብሪካው መትረየስ እንዳልደረሰው ታውቃለች። ያለ መትረየስ ደግሞ አፍንጫዋ ቀሎ አትበርም። ሠራተኞቹ ምን አደረጉ? ከግቢው ድንጋይ አንስተው በቦታው አሰሩላት። አብራሪው የሚተኩሰው ነገር የለውም፤ የመትረየሱን ክብደት ብቻ ተሸክሞ ጠላት ፊት ይወጣል። መሸነፍ ማለት ይኼ ነው። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ምሳዬን መብላት አቃተኝ።»

ትልቋ ክው አለች። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ስትቀና የዋለችው በዕድል ነበር፤ ዕድል ደግሞ ቢያናድድም ይቻላል፣ ዛሬ ለእሷ ነገ ለእኔ ይባላል። ይኼ ግን ዕድል አልነበረም። ክንፉን አስተምራታለች፤ ጅራቱን አስተምራታለች፤ ሚዛኑን አስተምራታለች። ይህንን ማንም አላስተማራትም። ያቺ ሻይ ስትጠጣ ከንፈሯን የምታንቀሳቅስ ልጅ፣ በአንድ አልጋ ላይ እግሯን እየጣለችባት የምታድር ልጅ፣ በዚያች ትንሽ ጭንቅላቷ የተሸነፈ ፋብሪካ ግቢ ገብታ ድንጋይ የሚያነሱ ሰዎችን አይታለች። እሷ ግን ስንት ጊዜ ወደዚያ ጦርነት ገብታ ያየችው መትረየስ ብቻ ነው። የአሁኑ ቅናት ከጠዋቱ ጋር ዘመድ አይደለም፤ የጠዋቱ ያቃጥል ነበር፣ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ከበደ።

«አብራሪዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሠሪዋስ?»

«ፈተና ላይ ናት።»

«በይ ታዲያ፣ አስነሻት!»

አፏን ከፈተች። ምን ልትል? ድንጋዩን ሱቅ ረሳሁት? ያ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። አፏን ዘግታ ተቀመጠች፤ ጆይስቲኩን ያዘች።

አውሮፕላኗ ከመሬት እንደተላቀቀች አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ትልቋ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ወደ ፊት ገፋችው፤ እስከ መጨረሻው ገፋችው፤ አልበቃም። ሞተሩን ስትቀንስ አውሮፕላኗ መውደቅ ትጀምራለች፤ ስትጨምር አፍንጫዋን ሰቅላ ቀጥ ትላለች። በመሃሉ አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ እያንቀጠቀጠች ያዘቻት፤ ግን ለከተማው ዙር የሚበቃ አልነበረም። አፍንጫው ላይ የምትጨምረው ክብደት የላትም። እንግዲያው ከኋላ መቀነስ ነው። ከመቀመጫው ኋላ ያለው ያ የተነቀለ ታንክ! ማፍሰሻውን ከፈተችው። ነዳጁ ከጅራቱ ኋላ እንደ ነጭ ክር እየተመዘዘ ሲወጣ አዳራሹ አጉረመረመ። «አበደች እንዴ? ነዳጁን እየደፋችው እኮ ነው!» አለ አንዱ። ጅራቱ ቀለለ፤ አፍንጫው ቀስ እያለ፣ እየተግደረደረ፣ ወደ ቦታው ወረደ። አሁን በርራለች፤ የሚበቃት ነዳጅ ግን የለም። ከተማውን ዞራ ማኮብኮቢያው ሲታያት ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጠፋ። ከዚያ የቀረው ንፋስ ብቻ ነበር። ከፍታዋን እንደ ቆጣቢ ሴት ትንሽ በትንሽ እየሰጠች፣ ጣሪያዎቹን ለጥቂት አልፋ፣ በማይገጥሙት ጎማዎቿ መሬት ነካች፤ ዘለል አለች፤ ደግማ ነካች፤ ቆመች።

አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ። «ነዳጅ እንኳ የላትም!» አለች ባለመነጽሯ፣ ወደ ጓደኞቿ እየዞረች። «አያችሁ? ነዳጅ ሳይኖራት ነው የተላከችው!» የትርዒቱ አካል መስሏታል። ሁሉም መስሏቸዋል። ትልቋ በሕይወቷ እንዲህ አብርራ አታውቅም፤ ማንም እንዲህ ሲያበርር አላየችም፤ አንድም ሰው ደግሞ ምን እንዳየ አያውቅም።

«ከግርጌዋ የሚጻፈው ስም?» አለቻት ባለመነጽሯ፣ እስክሪብቶ ይዛ።

እዚያ ጌም ቤት ውስጥ ትልቋንም ሚጣንም የሚያውቅ የለም። የአባታቸው ስም አንድ ነው፣ የአያታቸውም፤ የሚለያየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ያ የመጀመሪያው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ ተጠየፈችው። ሚጣ የእሷን ትራፊ ለቅማ ሠራች፤ እሷ ደግሞ ዞራ የሚጣን ትራፊ ልትለቅም? የሰው ወርቅ አያደምቅ። ፍቅር አልነበረም፤ ፍቅር ነው ብሎ የሚያሞግሳት ቢኖር እንዳትሰማው። የእህቷን ስም፣ ሚጣ የሚለውን ሳይሆን ትምህርት ቤት የሚጠራውን፣ ከነአባቷ ከነአያቷ ጥርት አድርጋ ሰጠች።

«የአብራሪዋስ የት ነው የሚጻፈው?»

«የአብራሪ ስም የሚገባበት ቦታ የለውም» አለች ሴትየዋ፣ ቀጣዩን እየጠራች።

ሚጣን ደረጃው ሥር አገኘቻት። ከፈተና እየሮጠች ነው የመጣችው፤ አንገቷ በላብ ርሷል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ጉንጯ ላይ አለ። «እህስ?» አለች፣ ሳትተነፍስ።

«አርፋለች። ገብታለች። ስምሽን ሰጥቻቸዋለሁ።»

ሚጣ ጮኻ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ትልቋ እጇን አላነሳችም፤ እንደ ግንድ ቆመችላት። የእህቷ ልብ ደረቷ ላይ ሲመታ ይሰማታል። ዝም ብላ ብትሄድ ማንም የማያውቀው ነገር ነበር። ዝም ማለት ያልቻለችው ጸጸት አላስቀምጥ ብሏት አይደለም። በዚህ ከተማ ውስጥ ያንን በረራ ሊረዳ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር አሁን አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችው ስለሆነች ነው።

«ድንጋዩን አውጥቼው ነበር።»

የሚጣ እጆች ላሉ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች በመካከላቸው አለፉ፤ አንዱ ገፋ አድርጓት ይቅርታ አለ፤ አልሰማችውም። ትልቋ ስድቡን ጠበቀች፤ የምትመልሰውንም ከአሁኑ አዘጋጅታ ነበር።

«በቦታው ምን አስገባሽ?» አለች ሚጣ በመጨረሻ።

«ምንም።»

«ታዲያ አትበርማ።»

«በረረች።»

«ያለ ድንጋይ አትበርም እትዬ! ስንቴ ሞክሬዋለሁ! በቂጧ ነው የምትወድቀው።»

«አልወደቀችም አልኩሽ።»

ሚጣ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣውም ዓይኗ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር ቀድሞት ደረሰ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ ሞተሩን በሐሳቧ እየነቀለች ትገጥማለች፤ አይመጣላትም። ዓይኖቿ ጠበቡ፣ አገጯ ወደ ፊት ወጣ። ትልቋ ይህን ፊት አወቀችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከውስጥ ሆና ለብሳው የዋለችው ነው፤ ከውጭ ስታየው ግን እንዲህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም።

«እንዴት አድርገሽ?» አለች ሚጣ፣ በቀጭኑ።

«አልነግርሽም።»

ትልቋ መንገዱን ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ያልነበረ ረኃብ ድንገት ሆዷን ሞረሞራት። «እትዬ! በአባትሽ! ጅራቷን ነው? ሞተሩን ነው የቀነስሽው?» ሚጣ ከኋላዋ በሰው መሃል እየተጋፋች ትጣራለች። ትልቋ አልዞረችም። እንዳትጠፋባት ያህል ቀስ፣ እንዳትደርስባት ያህል ፈጠን እያለች ተራመደች።